የዓሣ እርድ ዐቢይ ኮሚቴ

ኑርዬ ልጅ ሆኖ ከሐይቁ ዳር ሁለት ሽማግሎች ሲጨዋወቱ ሰምቷል። አንደኛው ጥምጣም ነበራቸው፤ የሌላኛው ራስ ላይ ቆብ ይሁን ሻሽ አሁን ትዝ አይለውም።

«የሚበላ ሁሉ ታርዶ ነው፤ ዓሣን ግን ማን ያርደዋል?» ብለው አንዱ ጠየቁ።

ሌላው «ከውሃ መውጣቱ መታረዱ ነው» ብለው መለሱ። ወይም «ማንም» ነው ያሉት። ምናልባትም ጭራሽ ስለ ዓሣ ሳይሆን ስለ አንበጣ ያወሩ ይሆናል። ብቻ ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ነፋስ ወሰደው፣ ኑርዬም ተጠርቶ ሄደ።

ይህ ታላቅ ጥያቄ ከአርባ ዓመት በላይ አሳዳሪ አጥቶ ሲንከራተት ከኖረ በኋላ፣ እግዜር የፈቀደለት ቀን ደርሶ ጽሕፈት ቤታችን እጅ ገባ። ጽሕፈት ቤታችንም በሁለት ቀን ተኩል ስብሰባ፣ ውሃና ብስኩት ብቻ እየቀመሰ፣ መልስ ሰጠው። ጥያቄ ያለበትን ነገር መፍታት ማንም ይችላል። ጥያቄ የሌለበትን ነገር መፍታት ግን ልዩ ተሰጥኦ ይጠይቃል፤ ይህ ተሰጥኦ ደግሞ በአገራችን በብዛት ከሚገኝበት ቦታ አንዱ እዚሁ ነው።

መጀመሪያ የችግሩን ስፋት እናሳይ።

ኑርዬና ፈንታሁን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ታንኳ ዓሣ አጥምደዋል። ኑርዬ ሙስሊም ነው፣ ፈንታሁን ክርስቲያን። መረብ ሲጥሉ ከአንዱ ጫፍ «ቢስሚላህ»፣ ከሌላው ጫፍ «በስመ አብ» ይሰማል፤ መረቡ ሁለቱንም ይዞ ይወርዳል። በሰርግም በለቅሶም ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ምግብ ሲቀርብ ግን ይለያያሉ። በአካባቢው ክርስቲያን ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ ሙስሊም አራጅ ጠርቶ ለብቻ ያሳርዳል፤ ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ የመከባበር ልማድ ነው፤ አንድም ቀን ማንንም አስቀይሞ አያውቅም። በዚህ የተነሣ ሁለቱ ጓደኞች በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጉርሻ ሥጋ ከአንድ ሳህን ላይ አንሥተው አያውቁም።

ዓሣ ግን አራጅ የለውም። ስለዚህ በየማታው ከሐይቁ ሲወጡ ከያዙት አንዱን ቆሮሶ ዳሩ ላይ ይጠብሱና በአንዲት የጎደጎደች የብረት ሳህን፣ እጅ ለእጅ እየተጋጩ፣ አንዱ የሌላውን እሾክ እየለቀመ ይበላሉ። ኑርዬ በዚህች ዓለም «የኔ» ብሎ የሚሳሳለት ነገር ቢጠየቅ፣ ታንኳውን አይጠራም፤ ሳህኗን ነው የሚጠራው። ጮክ ብሎ ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ሰውየው ማድመጥ እንጂ መናገር አይቀናውም።

ጽሕፈት ቤታችን ያየው አስፈሪ ክፍተት እንግዲህ ይህ ነበር።

በግንቦት መጀመሪያ፣ ሙቀቱ የአስፋልቱን ሬንጅ በሚያቀልጥበት ሰሞን፣ ከበላይ አካል አንድ ክቡር እንግዳ ከነተከታዮቻቸው ሊመጡ መሆኑ ተሰማ። የመርሐ ግብሩ ስም «የምሽት የመንጠቆ ዓሣ ማጥመድ» ነበር፤ መሪ ቃሉ ደግሞ «ሐይቃችን ለአብሮነታችን፣ አብሮነታችን ለሐይቃችን»። መሪ ቃሉ ከፊትም ከኋላም ቢነበብ ያው ስለሆነ ባነሩ ቢገለበጥ እንኳ ስጋት አልነበረም።

የዝግጅቱ ኃላፊ አቶ አንዳርጋቸው ናቸው። ስለ አቶ አንዳርጋቸው ክፉ የሚናገር ሰው ሐሰተኛ ነው። ልባቸው ቅን ነው፤ ችግራቸው ባለፈው ክረምት በችግኝ ተከላው ዕለት ሙስሊም አራጅ መጥራት መርሳታቸው ብቻ ነበር። ከእንግዶቹ ግማሾቹ ሰላጣ በልተው ተመለሱ፣ እርሳቸውም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለ ሁለት አራጅ ውሃ እንኳ ላያቀርቡ ማሉ።

ኑርዬና ፈንታሁን ቢሮ ተጠሩ። በጠረጴዛው ጫፍ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ኢቲሳም ተቀምጣለች፤ ገና ሁለት ዓመት ያገለገለች ስለሆነች አንዳንዴ ሳይታወቃት ታስባለች።

«ቁጭ በሉ» አሉ አቶ አንዳርጋቸው። «ሐሙስ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ እንግዶቹ በመንጠቆ ያጠምዳሉ። ማታ ማዕድ አለ። ምናልባት ባይቀናቸው ሳህኑ ባዶ እንዳይሆን እናንተ በመረብ ታግዛላችሁ።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ኑርዬ።

«አራጆቹም እናንተው ናችሁ።»

«የምን አራጆች?» አለ ፈንታሁን።

«የዓሣው።»

ፈንታሁን ኑርዬን አየው። ኑርዬ መሬት መሬት አየ።

«ጌታዬ፣ ዓሣ እኮ አይታረድም» አለ ፈንታሁን።

«ማን አለ?»

«ማንም አላለም። አይታረድማ!»

«ይኸውልሽ ኢቲሳም» አሉ አቶ አንዳርጋቸው ወደ ጸሐፊዋ ዞረው፣ ድምፃቸው በኃላፊነት ስሜት እየተንቀጠቀጠ። «እስከ ዛሬ ሳይታረድ ሲበላ ኖሯል ማለት ነው። ጻፊው። የሙስሊሙን ዓሣ ኑርዬ ያርዳል፤ የክርስቲያኑን ፈንታሁን።»

«የሙስሊሙ ዓሣ የትኛው ነው?» ብላ ኢቲሳም ጠየቀች።

«ኑርዬ ያረደው።»

«ከመታረዱ በፊትስ?»

አቶ አንዳርጋቸው ቃለ ጉባኤውን በጣታቸው መቱ። «ከመታረዱ በፊት የመንግሥት ነው።»

ይህ ተጻፈ። ቀጥሎ አራተኛው ነጥብ ተነበበ። የሐሙሱ አሠራር ከተሳካ ቋሚ ይሆናል፤ ሁለት ታንኳ፣ ሁለት የዓሣ ማውጫ ዳርቻ፣ ሁለት የመጥበሻ ቦታ ይለያል። ኑርዬ በምሥራቁ ዳር፣ ፈንታሁን በምዕራቡ። የመጨረሻውን ውሳኔ የዓሣ እርድ ዐቢይ ኮሚቴ በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት ተሰብስቦ ያጸድቃል።

«ሳህኑስ?» አለ ኑርዬ።

በዚያ ቢሮ ውስጥ ኑርዬ ከ«እሺ» ውጭ ሲናገር ያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር።

«የምን ሳህን?»

ኑርዬ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ ሳህን በቃለ ጉባኤ ቋንቋ እንዴት እንደሚነገር ስላላወቀ መልሶ ዘጋው።

«እንግዲህ ይህ ሁሉ አብሮነታችሁን ለማጠናከር ነው» አሉ አቶ አንዳርጋቸው ሲያሰናብቷቸው። «በአንድ ታንኳ ላይ ያለ ጥንቃቄ አብራችሁ ስትሠሩ ያልተጣላችሁት በዕድል ነው። በዕድል መኖር ይበቃናል።»

ፈንታሁን ከቢሮው ወጥቶ በራፉ ላይ ቆመ። «አንተ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዕድል ነው እንዴ የኖርነው?»

«እኔማ ባንተ ቅዘፋ መስሎኝ ነበር» አለ ኑርዬ።

ያም ሆኖ ኑርዬ ጠንቃቃ ሰው ነው። በዐሱር ሶላት ሰዓት ሸህ ሀሚድ ዘንድ ሄደ፤ ሸሁ ከመስጊዱ ጥላ ሥር ጫማቸውን እየሰፉ ነበር። ነገሩን ሲሰሙ መርፌው ከእጃቸው ወደቀ።

«ያ ኑርዬ፣ ዓሣ ሞቶም ሐላል ነው። ቢላዋ የሚያስፈልገው ለቅርፊቱ ነው።» ከዚያም እስኪያለቅሱ ሳቁ፤ ቀና ብለው ደግሞ «ሰውየው አመመው እንዴ? ዱዓ እናድርግለት?» አሉ።

ፈንታሁንም በፊናው ወደ ገዳሙ ወጥቶ የነፍስ አባቱን ጠየቀ። እርሳቸው አልሳቁም። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሐይቁን ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ዓሣ ሊያርድ የሚነሣ ሰው ካየህ አትከራከረው። ቀስ ብለህ ወደ ጠበሉ አምጣልኝ» አሉት።

ሁለቱ ይህን መልስ ይዘው ተመለሱ።

«ሸሁ በጽሑፍ ነው የነገሩህ?» ብለው አቶ አንዳርጋቸው ጠየቁ።

«በቃል ነው ጌታዬ።»

«ያንተስ አባት?»

«በቃል። ትንሽ ደግሞ በዝምታ» አለ ፈንታሁን።

«ማኅተም አላቸው?»

«የላቸውም።»

«እኛ አለን» አሉ አቶ አንዳርጋቸው፤ የሃይማኖት ክርክሩም በዚሁ ተዘጋ።

ማታ ኑርዬ ለሚስቱ ለፈዲላ ነገራት። ፈዲላ ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

«ነገ ደግሞ ይሄንን ሽንኩርት እረዱልን ይሏችኋል።»

«ተይ እስቲ።»

«ምን እተዋለሁ! ሽንኩርቱስ ቢሆን ይገባዋል፣ ስንት ዘመን ሲያስለቅሰኝ።» ቢላዋዋን ወደ እሱ ቀሰረች። «አንተስ ምን አልካቸው?»

«እሺ አልኩ።»

«ወላሂ፣ ያንተ እሺ ቢጠራቀም ይሄን ሐይቅ ሞልቶ ገበያውን ያጥለቀልቅ ነበር።»

ኑርዬ ዝም አለ። ፈዲላ ዝምታውን ሃያ ስምንት ዓመት ስታነበው ኖራለች፤ አንዳንዱ ዝምታው የድካም፣ አንዳንዱ የስግደት ነው። ይሄኛው የሁለቱም አልነበረም።

«የሙዓዝ አባት» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በሁለት ዳር ቢያስቀምጧችሁ ሳህኗ ወዴት ትሄዳለች?»

«እኔም እሱን ብጠይቅ የምን ሳህን አሉኝ።»

«የምን ሳህን? የኔ ሳህን! ከቤቴ ሰርቀህ የወሰድካት! ሃያ ሁለት ዓመት መልስ ስልህ የኖርኩት!» ሽንኩርቱን ወደ ድስቱ ወረወረችው። «ለነሱ ኮሚቴ ከሆነ ግን አልመልስም በላቸው።»

እስከ ሐሙስ ሁለተኛ ታንኳ ማግኘት አልተቻለም። በአካባቢው ታንኳ ሞልቷል፤ ነገር ግን ታንኳ ለመዋስ የትውስት ቅጽ ያስፈልጋል፣ የትውስት ቅጽ ደግሞ ለወንበርና ለድንኳን እንጂ ለሚንሳፈፍ ንብረት አልተዘጋጀም። አቶ አንዳርጋቸው ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አይደሉም። ራሳቸው ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃ ውስጥ ገቡና በታንኳዋ መሐል፣ ከአፍንጫዋ እስከ ቂጧ፣ ነጭ ገመድ ወጥረው አሰሩ። ከገመዱ በስተቀኝ የወደቀ ዓሣ ለኑርዬ፣ በስተግራ የወደቀ ለፈንታሁን።

«ዓሣው ሕይወት አለው እኮ» አለች ኢቲሳም ከዳር ሆና። «ቢዘልስ?»

«ገመዱ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?» አሉ አቶ አንዳርጋቸው፣ በጣም ታጋሽ ሆነው።

ሐሙስ ደረሰ። በአሥር ሰዓት ሐይቁ በፀሐይ የጋለ ትሪ መስሎ ተዘርግቷል፤ ወፎቹ ደንገሉ ውስጥ ገብተው አንድም ክንፍ አይንቀሳቀስም። ክቡር እንግዳው በጥቁር ሙሉ ልብስ መጡ። ከተከታዮቻቸው ጋር ፀሐይን ፊት ለፊት በሚያይ ሰልፍ ተደረደሩና መንጠቆ ተሰጣቸው። ለእንግዳው የተሰጠው ከጅዳ የተመለሰው የመንደሩ ልጅ ካሊድ ይዞት የመጣው፣ የሚተጣጠፍና የሚሽከረከር እውነተኛ የማጥመጃ ዘንግ ነው፤ ለሌሎቹ ሸንበቆ።

ከበስተኋላቸው ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተዘጋጅተዋል። የማን የማን እንደሆኑ መጻፍ አብሮነትን ይጎዳል ተብሎ «ጠረጴዛ ሀ» እና «ጠረጴዛ ለ» ብቻ ተባሉ። ክቡር እንግዳው የየትኛው እንደሆኑ መጠየቅ ደግሞ ነውር ስለሆነ በሁለቱም ራስጌ ላይ የክብር ወንበር ተቀምጦላቸዋል።

ሙቀት ሲበረታ ዓሣ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ፀሐይ ተራራው ጀርባ ስትገባና ዳሩ ጸጥ ሲል ነው ወደ ደንገሉ የሚመለሰው። ኑርዬ ይህን ስለሚያውቅ ወደ ኢቲሳም ጠጋ አለ።

«ልጄ፣ ያን ድምፅ ማጉያ ቢያጠፉት ዓሣው ይመጣ ነበር።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ግን ዝምታ መርሐ ግብሩ ላይ የለም።»

ስለዚህ አቶ አንዳርጋቸው ንግግራቸውን ጀመሩ። «ዓሣ የሰላም ተምሳሌት ነው! ዓሣ ጮኾ ያውቃል? አያውቅም! ዓሣ አቤቱታ አቅርቦ ያውቃል? አያውቅም! እኛም ከዓሣ ልንማር ይገባል!» ጭብጨባው ከሐይቁ ወዲያ ማዶ ተሰማ። የተማረ ዓሣ ካለ በዚያች ቅጽበት ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ታች ወርዷል። ከዚያ ሌላ ንግግር ተከተለ፣ ከዚያም የንግግሩ ማጠቃለያ።

በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የተገኘው ውጤት እጅግ አበረታች ነበር። አንድ የሥራ ኃላፊ የሌላውን የሥራ ኃላፊ ባርኔጣ አጠመዱ፤ ፎቶ ተነሡ። ሌላው የተቀደደ ጀሪካን አወጡ፤ በአካባቢ ጥበቃ ዘርፍ ተመዘገበላቸው። የክቡር እንግዳው ዘንግ ብቻ አንዴ ደፋ አለና ሁሉም ለጭብጨባ እጁን አነሣ፤ መንጠቆው የያዘው የራሳቸውን ኮት ጀርባ ነበር።

«ዓሣው የት ነው ያለው?» አሉ እንግዳው፣ ላባቸውን በክራቫታቸው እየጠረጉ።

«በሂደት ላይ ነው» አሉ አቶ አንዳርጋቸው።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ማለት ስትጀምር ድምፅ ማጉያው ባትሪ ጨረሰና ሞተ። ኑርዬና ፈንታሁን እየቀዘፉ ወደ ደንገሉ ዳር ገቡ። ፈንታሁን ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ዞሮ አማተበ። በአንደኛው ጫፍ «ቢስሚላህ»፣ በሌላኛው «በስመ አብ» ተባለና መረቡ ወረደ።

ሲስቡት ከበደ። እንዲህ ያለ መረብ ከፋሲካ ወዲህ አላዩም። ቆሮሶው፣ ካርፑ፣ ሁሉም በሕይወቱ እየተገላበጠ ታንኳዋ ውስጥ ፈሰሰ፤ ጥቂቱ በቀኝ፣ ጥቂቱ በግራ። ፈንታሁን ከተሰጠው አዲስ ቢላዋ ጋር ተፋጦ ቆመ።

«እንግዲህ አንገቱ የቱ ጋ ነው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ያንተን ፈልግ» አለ ኑርዬ።

ያኔ ከፈንታሁን ወገን የነበረ አንድ ትልቅ ካርፕ ጅራቱን አጠፍ አደረገና ገመዱን ዘሎ የኑርዬ ጭን ላይ ዐረፈ።

ከዳሩ አቶ አንዳርጋቸው አዩት። እጃቸውን አፋቸው ላይ እንደ ጥሩምባ አድርገው ጮኹ። «ያ ዓሣ! ያ ዓሣ ከየት ነው የመጣው?»

«ከሐይቁ!» አለ ፈንታሁን።

«ከየትኛው ወገን ነው የምልህ!»

«ከታች!»

«ተሻግሯል! አትንኩት! የተሻገረ ለብቻው ይቀመጥ!»

ስለተሻገረ ዓሣ በቃለ ጉባኤው አንድም ቃል አልነበረም። በቀኝ የነበረ አንድ ቆሮሶ ወደ ግራ ሄደ፤ ሌላው ሄዶ ተመለሰ፤ አንዱ ደግሞ ሆዱን ገመዱ ላይ አጋድሞ ቀረ። ከዚህ በኋላ የሆነው እስከ ዛሬ በትክክል አልተጣራም። እርግጥ የሆነው የኑርዬ እግር ገመዱ ላይ መገኘቱ፣ ገመዱም መርገቡ ነው። የኑርዬ እግር ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰው የነገረውን ቦታ ብቻ ሲረግጥ የኖረ እግር ስለሆነ ማንም አልጠረጠረውም። ገመዱ ሲረግብ ዓሣው በሙሉ እየተንሸራተተ ከታንኳዋ መሐል ተከመረና ቀኝም ግራም የሌለው አንድ የሚያብረቀርቅ ክምር ሆነ።

ፈንታሁን ክምሩን አየ፣ የኑርዬን እግር አየ። «እሺ የማይል እግር አለህ ለካ!» አለው ቀስ ብሎ።

ከዳሩ ላይ ለሁለቱ ጠረጴዛዎች የተዘጋጁት ሁለት ቅርጫቶች ባዷቸውን ቀሩ። ዓሣው ሁሉ በሦስተኛ ቅርጫት ገባ፤ ኢቲሳም ካርቶን ቀድዳ «ውሳኔ የሚጠብቅ» ብላ ጻፈችበት። ዐቢይ ኮሚቴውም ለአስቸኳይ ስብሰባ ድንኳን ውስጥ ገባ። የመጀመሪያው አጀንዳ ዓሣው ከመዝለሉ በፊት በነበረበት ወገን ይቆጠር ወይስ ባረፈበት የሚል ነበር። አንድ አባል በተወለደበት የሐይቁ ክፍል ይቆጠር ብለው ሦስተኛ ሐሳብ ሲያቀርቡ ስብሰባው ነፍስ ዘራ።

በዚህ መሐል አዛን ተሰማ። ኑርዬ ተጣጥቦ ዳሩ ላይ መግሪቡን ሰገደ። ፈንታሁን ደግሞ እሳት አቀጣጠለ። ማንም እሳት አቀጣጥል ያለው የለም፣ አታቀጣጥልም ያለው የለም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ኑርዬ ሲሰግድ እሱ እሳት ያቀጣጥላል። ሙቀቱ ደግሞ ገና አልበረደም ነበርና፣ ውሳኔ የሚጠብቅ ዓሣ በዚያ ሙቀት ብዙ እንደማይጠብቅ ሁለቱም ያውቃሉ። ያሉት ቢላዋዎች ቅርፊት ለመፋቅ በጣም ምቹ ሆነው ተገኙ። ፈዲላ ከመንደር ሽታው ጠርቷት ይሁን ነገሩ አሳስቧት፣ የሰርጓን ትልቅ ትሪ በራሷ ላይ አድርጋ መጣች።

«ያቺ ሳህን ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አትበቃም ብዬ ነው» አለች።

ክቡር እንግዳው በጠረጴዛ ሀ ራስጌ ተቀምጠው ሎሚና ሚጥሚጣ አዩ። ተነሥተው ጠረጴዛ ለ ራስጌ ተቀመጡ፤ እዚያም ሎሚና ሚጥሚጣ ነበር። ከምሳ በፊት ጀምሮ አልበሉም። ከዚያ ነፋሱ ዞረ። እንግዳው አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ፣ ኮታቸውን አወለቁ፣ ወደ እሳቱ ሄደው ከኑርዬና ከፈንታሁን መሐል ቁጢጥ አሉ።

«ይሄ የየትኛው ጠረጴዛ ነው?»

«የማንም አይደለም ጌታዬ» አለ ፈንታሁን። «ውሳኔ የሚጠብቅ ነው።»

«እኔም እየጠበቅሁ ነው» አሉና እጃቸውን ሰደዱ።

አለቃ የቀመሰውን ተከታይ አይተውም። ተከታዮቹ መጡ፤ ባለ ባርኔጣው መጡ፤ ባለ ጀሪካኑ መጡ። የዐቢይ ኮሚቴው አባላትም አንድ በአንድ «ስልክ ላናግር» እያሉ ከድንኳኑ ወጡና አልተመለሱም። ክቡር እንግዳው እሾክ ሊውጡ ሲሉ ኑርዬ በጣቱ ለቀመላቸው።

አቶ አንዳርጋቸው ከባዶው ድንኳን ቃለ ጉባኤያቸውን ይዘው ሲወጡ ያዩት አንድ ትሪ፣ በዙሪያው አርባ እጅ ነበር።

«ድንቅ ነው!» አሉ ክቡር እንግዳው፣ ጣታቸውን እየላሱ ተነሥተው። «አንድ ማዕድ! መሪ ቃሉ በተግባር! ይህን አሠራር የነደፈው ማነው?»

ሁሉም ወደ አቶ አንዳርጋቸው ጠቆሙ።

«ሪፖርቱን እፈልገዋለሁ። በተለይ ዓሣው በምን ሥርዓት እንደተዘጋጀና የነማን እንደነበረ በዝርዝር ይገለጽ። ለሌሎችም ይጠቅማል።» መኪናቸው ውስጥ ገቡና አቧራውን አስነሥተው ሄዱ።

እሳቱ ዙሪያ ኑርዬ፣ ፈንታሁን፣ ፈዲላና ኢቲሳም ቀሩ። አቶ አንዳርጋቸው አብረዋቸው ቆመዋል፣ ፊታቸው በርቷል።

«ሰማሽ ኢቲሳም? ነገ ጠዋት ኮሚቴው ይሰበሰብና የተሻገሩት ዓሦች የማን እንደሆኑ ወስኖ ሪፖርቱን እንልካለን። ሁለቱን ታንኳም አብረን እናጸድቃለን።»

ኑርዬ ትሪው ጫፍ ላይ የነበረውን እጁን ሰበሰበ።

«ይሁን» አለች ኢቲሳም። «የኑርዬ ወገን ናቸው ተብሎ ከተወሰነ፣ ክርስቲያን እንግዶቻችን በሙሉ ዛሬ የሙስሊም እርድ በልተዋል ብለን እንጽፋለን።»

«እ?»

«የፈንታሁን ወገን ናቸው ከተባለ ደግሞ ሙስሊም እንግዶቻችን በሙሉ...»

«ቆይ፣ ቆይ።»

«ክቡር እንግዳው ደግሞ ከየትኛው እንደሆኑ አናውቅም። በየትኛውም ቢወሰን...»

«ተይ አልኩሽ!»

«ደግሞም አልታረዱም» አለ ኑርዬ፣ በለሆሳስ፣ የሰው ሐዘን እንዳያባብስ የሚጠነቀቅ ሰው ድምፅ ይዞ።

አቶ አንዳርጋቸው ቀስ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሁለተኛ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲመጣ ምን እንደሚከተል ከማንም በላይ ያውቃሉ።

«ጌታዬ» አለ ኑርዬ። «ሳይወሰን ቢቀርስ?»

«እንዴት ሳይወሰን?»

«ኮሚቴው ካልተሰበሰበ ዓሣው የማንም አይሆንም። የማንም ካልሆነ ማንም የማንንም አልበላም።»

«ሁለቱ ታንኳስ?» አለ ፈንታሁን፣ እንጨቱን በእሳቱ ውስጥ እየነካካ፣ ምንም የማያገባው መስሎ።

«ያው አጀንዳ ላይ ነው» አለች ኢቲሳም። «ስብሰባ ከሌለ እሱም እንደነበረ ይቀመጣል። ሪፖርቱም ውሳኔ ይጠብቃል።»

አቶ አንዳርጋቸው ጸሐፊያቸውን አዩ፣ አጥማጆቹን አዩ። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም። ፈዲላ ትሪውን ገፋ አደረገችላቸው፤ የመጨረሻው ቆሮሶ፣ ወፍራሙ፣ በሁለት በኩል ተጠብሶ ተጋድሟል።

«ይቅመሱ እንጂ ጌታዬ። በሙቀት ውለው በባዶ ሆድ አይሆንም።»

«ማን ነው ያረደው?» አሉ፤ ከልማድ ነው።

ፈንታሁን ከአንድ ወገን፣ ኑርዬ ከሌላው ወገን ለቦታ ጠጋ አሉላቸው። አቶ አንዳርጋቸው እጃቸውን ታጥበው በሉ፤ እስከ ጭንቅላቱ በሉ። ከዚያም አፋቸውን በመሐረብ ጠርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በሃያ ዓመት የመንግሥት አገልግሎት ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ስብሰባ ላለመጥራት ተስማሙ።